ለቦራ የተከፈተ መዳፍ

ፍቅር በአበባና በሽቶ ይጀመራል የሚል ሰው ካለ እነዚህን ሁለቱን አላያቸውም። የእነሱ ፍቅር የተጀመረው ከብት በረት ውስጥ ነው። እሷ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ እሱ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚቀመጥበትን በርሜል እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ መሀላቸው ደግሞ ጭራዋን እያወናጨፈች ሁለቱንም የምታቆሽሽ ጊደር ቆማ። ከዚህ ወዲያ ሽቶ ምን ያደርጋል?

እሷ የከብት ሐኪም ናት። የማዳቀያው ወቅት በደረሰ ቁጥር ማሽኗን መኪናዋ ላይ ጭና ከከተማ ትመጣለች። እሱ የእርባታው ባለቤት ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ግቢውም ከብቱም የሱ ነው ቢባልም፣ ቱታ ለብሶ ጊደሮቹን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅለው ራሱ ስለሆነ ሠራተኞቹ «አዳቃዩ» ይሉታል። እናቱ ግን «የኔ አንድ» ነው የሚሉት። ሲቆጡትም «የኔ አንድ» ነው፣ ሲመርቁትም «የኔ አንድ»፤ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጊደሮቹ በጠባብ የብረት መተላለፊያ ውስጥ ተራ በተራ ይቆማሉ። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ በጓንት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባና ዓይኗን ደረቷ ላይ ከተንጠለጠለው ትንሽ ስክሪን ላይ ትተክላለች። የምትፈልገው የእንቁላል ማፍሪያውን ነው። እዚያ ላይ ጥቋቁር ክብ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ እንቁላል ያዘለች ከረጢት ናት። ሐኪሟ ትቆጥራለች። ብዙ ያላት ጊደር ለእርባታ ትቀራለች። ጥቂት ያላት ወደ ማድለቢያ፣ ከዚያም ወደ ቄራ ትሄዳለች። ይህን ሕግ ወደ ግቢው ያመጣችው ራሷ ናት። ጥቂት ያላት ቶሎ ጽንስ አትይዝም፣ ዓመት ሙሉ በከንቱ ከምትቀለብ ገና በጠዋቱ ትለይ ብላ እናትና ልጁን ያሳመነችው እሷ ናት።

በረቱ ውስጥ ብረቱ ይንኳኳል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ ሰው ቢጮህ አይሰማም። ስለዚህ በነፃ እጇ ከጊደሯ ጀርባ በላይ ምልክት ትሰጣለች። መዳፏን ከከፈተች ጊደሯ ትቅር ማለት ነው። ከጨበጠች ትሂድ። አዳቃዩ ማዶ ሆኖ ጊደሮቹን የሚለይበትን የቀለም ቆርቆሮ ይዞ የሚያየው ያቺን እጅ ብቻ ነው። ሁለት ወቅት ሙሉ ያቺን እጅ ሲያይ ከረመ። ጎረምሳ ዓይን አይቶ ይወድዳል፤ እሱ እጅ አይቶ ወደደ።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻዋ ጊደር ወጥታ መተላለፊያው ባዶ ሲሆን፣ አዳቃዩ ካለበት ሳይንቀሳቀስ የራሱን መዳፍ ከፍቶ ወደ ላይ አነሣ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። እሷም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቁማ መዳፏን ከፈተችለት። ቃል ኪዳናቸው ይኸው ነው። ቀለበት የለ፣ ምስክር የለ፤ ላሞቹን ምስክር ካላልናቸው በስተቀር።

ዘንድሮ ግን ከመኪናዋ ስትወርድ ቀና ብላ አላየችውም።

እንዳትፈርዱባት ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት ወደ ሴቶች ሐኪም ሄዳ ነበር። ልታገባ የምታስብ ሴት ናትና ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ለማወቅ ፈለገች። አልጋው ላይ ተጋደመች፤ የሴቶቹ ሐኪምም ስክሪኑን ወደሷ አዞረችላት። ሌላ ሴት ብትሆን ያ ስክሪን ጭጋግ ነው፣ ምንም አይነግራትም። እሷ ግን የዕድሜዋን እኩሌታ እንዲህ ያለ ስክሪን ስታነብ የኖረች ናት። ያቺ ሐኪም አፏን ከመክፈቷ በፊት ቆጥራ ጨርሳ ነበር።

«ጥቂት ናቸው» አለች የሴቶቹ ሐኪም ቀስ ብላ። «ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፣ እሺ? ለመውለድ የምትበቃው አንዷ ናት። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ብቻ አትዘግዪ። ይሄ ዓመት ያንቺ ዓመት ነው።»

ከ«ጥቂት» በኋላ ያለውን አልሰማችም። ጆሮዋ እዚያች ቃል ላይ ቆመ። አልጋው ላይ እንደተንጋለለች፣ በረት ውስጥ ምልክት የምትሰጥበት እጇ ሳታዝዘው ተጨበጠ። ሰው ሆና ሳለ ራሷን እንደ ጊደር ቆጠረች፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከሷና ከመሰሎቿ በቀር ማን ይሠራዋል?

እና ወደ እርባታው በመጣችበት በዚያ ቀን በረቱ ውስጥ ሥራዋን ስትሠራ የቦራ ተራ ደረሰ። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጊደር ናት። እናቷ ስትወልዳት ስለሞተች አዳቃዩ ራሱ በጡጦ ነው ያሳደጋት፤ በየሄደበት ትከተለዋለች፣ የቱታውን ኪስ ትልሳለች። ሐኪሟ እጇን አስገባች። ስክሪኑን አየች። ደግማ አየች። በአንድ በኩል ጥቂት፣ በሌላውም በኩል ጥቂት። ያንኑ የሴቶቹን ሐኪም ስክሪን አምጥተው ደረቷ ላይ የሰቀሉባት መሰላት።

አዳቃዩ ማዶ ቆሞ እጇን ይጠብቃል። ጣቶቿን ልትጨብጥ ሞከረች፤ አልታዘዟትም። ቦራ ዞር ብላ በዚያ ሰፊ ዓይኗ አየቻት።

መዳፏን ከፈተች። በሥራ ዘመኗ ሙሉ ይህ የመጀመሪያ ውሸቷ ነበር።

አዳቃዩ በደስታ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ የቦራን ግንባር ሳመ፤ ቀና ብሎም ለሷ ሳቀላት። ያ ሳቅ ደስ ሊላት ሲገባ ልቧን ሰነጠቀው።

*

ምሳ ላይ እናትየው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ሾርባውን በገዛ እጃቸው አወጡላት። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሳቃቸው ከሳሎን እስከ በረት ይሰማል።

«ብዪ እንጂ ልጄ! እንደ ጫጩት ትለቅሚያለሽ እንዴ?»

«እየበላሁ ነው፣ እማማ።»

«ድሮ እኮ መሲናዋን ከወላዷ የምንለየው ሳሩን ሁሉ ግጣ ከጨረሰች በኋላ ነበር። ስትሰባ፣ ስትሰባ፣ እኛም ጎሽ ስንላት፣ ለካ ባዶዋን ኖሯል! አንቺ መጣሽና ገና ከበሩ ለየሽልን። እጅሽ ይባረክ።»

«እማዬ፣ ትብላ ተያት» አለ ልጃቸው ከማዶ።

«ምን አደረግኳት? እጅሽ ይባረክ ማለት ነውር ነው?» ካሉ በኋላ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ። «ይሄ ቤት ስንት ክፍል እንዳለው ታውቂያለሽ? በአንዱ እኔ እተኛለሁ፣ በአንዱ እሱ፣ በቀረው አይጥ ይጋልብበታል። የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እላለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ!»

ሐኪሟ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ማድ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ዕውር መሰልኳችሁ? ሁለታችሁ ስትተያዩ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እኮ ነው። እኔ አልቃወምም። ሀብት አልል፣ ዘር አልል። ይሄ ቤት ልጅ ይጩህበት ብቻ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ክፉ አማት ብትገጥማት ይሻላት ነበር። ክፉ ሰው ይጣሉታል፣ ይመልሱለታል፣ ጀርባ ይሰጡታል። የፍቅርን ልመና ግን ምን ብለው ይመልሱታል? ሴትየዋ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያም እሷ የሌላት ነገር መሰላት። 

*

ወደ መኪናዋ ሲሸኛት ቦራ በአጥሩ ማዶ እያዘገመች ተከተለቻቸው። አዳቃዩ እጁን በአጥሩ አሾልኮ ግንባሯን ያክክላት ጀመር። ሐኪሟ የመኪናውን በር ከፍታ ቆመች። ልትነግረው አስባ ነበር። ቃሉን ከከተማ ጀምራ ስታሰናዳው ነው የመጣችው። ግን ቃሉ እምቢ ሲላት በሌላ በር ገባች።

«ቦራ ጥቂት ብትሆንስ ኖሮ?»

«ምን?»

«እጄን ብጨብጥስ ኖሮ? ትሸጣት ነበር?»

ምስኪን፣ አስተማሪ የምትፈትነው ተማሪ የሆነ መሰለው። መልሱን ደግሞ ያውቀዋል።

«ታዲያስ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሕግ ሕግ ነው። በመውደድ ብቻ ከብት አይረባም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ሁለት ቀን አዝናለሁ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ እረሳታለሁ።»

ይህን እያለ ቦራን ማከኩን አላቆመም።

ሐኪሟ የመኪናዋን ቁልፍ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ከእንግዲህ ሌላ ሐኪም እልክላችኋለሁ» አለች።

«ለምን? ትሄጃለሽ?»

«የተባባልነውም ነገር ይቅር።»

«የቱ ነገር?»

«ሁሉም።»

ቦራን ትቶ ወደሷ ዞረ። «ምን አጠፋሁ? እማዬ ያለችው ነው? እሷ እኮ አፏ ነው እንጂ…»

«እናትህ ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አለ?»

ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። እኔ ግን የሁለት ሰው ሕይወት በአንድ ዝምታ ሲነቅዝ አይቻለሁና ይህን ተረት ከዚያ ቀን ወዲህ አልተርትም።

አዳቃዩ ዓይኑን ወደ ቦት ጫማው አወረደ። እበት ደርቆበታል። ክንዱን አየ፣ ቱታውን አየ። ሲናገር ድምፁ የሱ አልመስል አለ።

«ገባኝ። የዶክተር ባል እበት እበት አይሸትም፤ አይደል?»

አንዲት «አይደለም» ልታድነው ትችል ነበር። እሷ ግን ይህን እያመነ ቢቀር ይሻለዋል ብላ አሰበች። ቢንቀኝ፣ ቢጠላኝ፣ ቶሎ ይረሳኛል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ። መኪናውን አስነሣች። በመስታወቱ ስታየው ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ መዳፉን እየገለበጠ ያሸት ነበር።

*

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ገባ። «ቦራ ይዛለች» ይላል። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው።

የጽሕፈት ቤቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው። ቦራ፣ ያቺ ጥቂቷ፣ በመጀመሪያው ማዳቀል ይዛለች! ያን ጊዜ ገና የሴቶቹ ሐኪም የተናገረችው የቀረው ቃል ከሳምንታት ዘግይቶ ጆሮዋ ደረሰ። ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም። ተነሥታ ቆመች፣ መልሳ ተቀመጠች። ለብቻዋ ሳቀች። ወዲያው ወደ እርባታው ደወለች።

ያነሡት እናትየው ናቸው። ከበስተጀርባቸው ጫጫታና የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

«ውይ ልጄ! ጠፋሽ እኮ! ዛሬ ቤታችን በእንግዳ ሞልቷል። ለልጄ የምትሆን ቆንጆ ተገኝታለች፣ ወላጆቿን ጋብዤ ነው። አንቺማ ትተሽን ሄድሽ። ደስ ይበልሽ እንጂ፣ ልጥራልሽ እንዴ?»

«አይ፣ አይጥሩት እማማ። እንኳን ደስ አላችሁ ልበል ብዬ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ያ ምሳ እንዴት እንዳለቀ አልነገሯትም። አዳቃዩ ከእንግዶቹ ፊት ተነሥቶ ወደ በረት እንደሄደና እስኪሸኙ ድረስ እንዳልተመለሰ፣ የቆንጆዋም ነገር በዚያው እንደቀረ፣ ይህን ሁሉ እሷ በምን ታውቀዋለች? እሱም ለመልእክቱ መልስ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ሲያጣ ሁለተኛ አልጽፍም ብሎ ማለ። ሁለቱም ኩራታቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ወራቱ ግን እነሱን አልጠበቀም።

*

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናትየው ደወሉላት። በዚህ ጊዜ ሳቅ አልነበረባቸውም።

«ቦራ ምጥ ላይ ናት። ከጎህ ጀምሮ እያማጠች ነው፣ ጥጃው አልወጣ አለ። የላክሽልን ሽማግሌ ሐኪም እጃቸውን ተሰብረው ተኝተዋል። ልጄ አንቺን አትጥሪ ብሎኛል። እኔ ግን ጠራሁሽ።»

እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። በረት ስትገባ ቦራ በጎኗ ተጋድማ ታቃስታለች፤ እሱ የቦራን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከስቷል። ቀና ብሎ አያት፤ ሁለቱም ሰላም መባባሉ ጠፋቸው።

እጇን ታጥባ አስገባች። የጥጃው ጭንቅላት ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ የፊት እግሮቹ ብቻ መውጫው ላይ ናቸው። «ወደ ውስጥ እመልሰውና አንገቱን አቀናዋለሁ» አለች። «ገመዱን አዘጋጅ። ሳብ ስልህ ብቻ፤ እሷ ስታምጥ።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ብዙ ታገሉ። ክንዷ ዛለ፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከጥጃው አፍንጫ ላይ ጣቷን አሳርፋ ጎትታ ስታቀናው ቦራ ጮኸች። «ሳብ!» አለች፤ ሳበ። «ቆይ!» አለች፤ ቆየ። በመጨረሻ ጥጃው ተንሸራትቶ ጭድ ላይ ወደቀ። አልተነፈሰም። እሱ የኋላ እግሩን ይዞ አንጠለጠለው፣ እሷ አፍንጫውን ጠርጋ ደረቱን በጭድ አሸችው። ጥጃው አስነጠሰና ተነፈሰ። ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።

ሁለቱም ተያዩና እንደ ድሮው ሳቁ። ለዚያች አፍታ ዓመቱ እንዳልነበረ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«ሽማግሌው ሐኪም እርግዝናውን ሲመረምሩ ነገሩኝ» አለ ዓይኑን ከጥጃዋ ሳይነቅል። «ይቺ እኮ ጥቂት ናት፣ እንዴት አለፈች አሉኝ። እሷ ተሳስታ አታውቅም አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አሰብኩበት። አልተሳሳትሽም፤ ዋሽተሽኛል። ለምንድነው መዳፍሽን የከፈትሽው?»

«መጨበጥ አቃተኝ።»

«ለምን?»

ነገረችው። አልጋውን፣ ስክሪኑን፣ በገዛ ዓይኗ የቆጠረችውን፣ እጇ ሳታዝዘው መጨበጡን። ስትናገር ድምፅዋ ሥራ ላይ ያለች ሐኪም ድምፅ ነበር፤ ታማሚዋ ሌላ ሰው የሆነች ይመስል።

አዳቃዩ ፊቱ ነጣ። «ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄህ ነበር» አለች። «መኪናዬ አጠገብ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየችው። የቦራን ግንባር እያከከ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሁለት ቀን አዝናለሁ ያለው ቃል ተመልሶ ፊቱን እንደ ጥፊ ሲመታው አየችው።

«ስለ ጊደር መስሎኝ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «የኔ ዓለም፣ እኔ እኮ ስለ ጊደር መስሎኝ ነው!»

«አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ።»

«ደግሞ ሕጉን ሽሬዋለሁ! ብዙ አላቸው ብለን ካስቀረናቸው ስንቶቹ ባዷቸውን ቀሩ መሰለሽ! ሽማግሌውም ብዛት ብቻውን አይወልድም አሉኝ። ለማድለቢያ የለየሻቸውን ጥቂቶቹንም ሳልሸጥ አዳቀልኳቸው፣ ከሌሎቹ እኩል ነው የያዙት። ሕጉ የለም፤ ሰማሽኝ? ተሽሯል!»

«ሕጉን ሽረሃል» አለች። «የተሸጡት ግን አልተመለሱም።»

ዓይኑን ወደ ጭዱ አወረደ። እሷም የቀረውን ነገረችው፤ ዛሬ ካልተናገረችው መቼም አትናገረውምና። ባለፈው ወር እንደገና ወደዚያች ሐኪም ሄዳ ነበር፤ የወር አበባዋ ከቀረባት ሰንብቷል። ስክሪኑ ላይ ፈለገች፣ ያቺ ሐኪምም ፈለገች። በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ። አሁን የሉም። ያ ዓመት የሷ ዓመት ነበር፤ እሱንም፣ ጥቂቱን እንደ ምንም ቆጥራ፣ በገዛ እጇ ጣለችው።

ከበሩ በኩል የባልዲ እጀታ ድምፅ ተሰማ። እናትየው ሙቅ ውኃ ይዘው ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል። ቀስ ብለው መጥተው ጎንበስ አሉ፣ የሐኪሟን ክንድ ያዙ፣ ደሙንና ጭዱን በሙቁ ውኃ ያጥቡላት ጀመር። ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ አጠቡላት። የትከሻ ልብሳቸውን አውልቀው አደረቁላት።

«እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባልዲውን አንሥተው ሲወጡ ግን ያ የማይታጠፈው ወገባቸው ጎብጦ ነበር። ሐኪሟ እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ባዶዎቹን ክፍሎች አሰበች።

ዞር ስትል አዳቃዩ በባዶው የብረት መተላለፊያ ማዶ፣ በድሮ ቦታው ቆሟል። እሷም ሳታውቀው በድሮ ቦታዋ ነበረች። እጁን አየች። እጅ ማንበብ ታውቅበታለች፤ በዚህ በረት ውስጥ እጅ ሲነሣ አያመነታም፣ ከብቱ ይጠብቃላ። የሱ እጅ ግን ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ዓይኑ እናቱ ወደወጡበት በር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ መዳፉ ተነሣ። ተከፈተ።

ተከፍቷል፤ አልዋሸም። ይወዳታል፣ ይህንንም ታውቃለች። ዘግይቶ እንደተነሣም ታውቃለች። ብትፈርድበት ደስ ባላት፤ ግን አልቻለችም። እሷ ራሷ ለአንድ ቃል ዓመት ዘግይታ የለም?

በብረቱ ሥር ጎንበስ ብላ ወደሱ ተሻገረች። የተከፈተውን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች፤ የቦራ የምጥ ደም ደርቆበታል፣ እበት እበት ይሸታል፣ ደግሞም ከዓለም ሽታ ሁሉ የምትወደው ሽታ ነበር። አፏን መዳፉ ላይ አሳርፋ ሳመችው። ከዚያ መዳፉን ልታስጨብጠው ትንሿን ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈቻት። ቀጥላ ያለችውንም። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ጊዜ እየሰጠችው። አንዷ ጣት እምቢ ብትላት፣ አንዷ ብቻ ገታ ብትላት፣ እዚያው በረት ውስጥ ዕድሜ ልኳን ልትቀር ለራሷ ቃል ገብታለች። አውራ ጣቱ ላይ ስትደርስ ቆመችና ፊቱን አየችው። እያለቀሰ ነበር።

ጣቱ ግን አልታገላትም።